ማስመሪያው የተንጋደደ ዕለት

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል የምትሠራውን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ ማስመሪያ» ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጣው የቆፋሪዎቹ አለቃ እንደሆነ ይነገራል፤ እሱ ግን ሲጠየቅ «እኔ ምን አገባኝ፣ ይዛት ነው የተወለደችው» ይላል። ውሸቱን አይደለም። ሥራ በገባች ሰሞን የገዛቻት የብረት ማስመሪያ እስከ ዛሬ ከእጇ አልተለየችም። ጠርዟ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግማሾቹ ተፍቀው አልቀዋል። እትዬ ማስመሪያ ግን ለመለኪያ ስለማትፈልጋት ግድ የላትም፤ የምትፈልጋት ዓይኗን መስመር ለማስያዝ ነው።

ሥራዋ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ሲባል የብር እንዳይመስላችሁ፤ የውሃ ነው። በየመንገዱ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ቆጣሪ ተቀብሯል፣ ሠራተኞቹ እናት ቆጣሪ ይሉታል። ከእናትየው ወዲያ በየግቢው ልጆቿ አሉ። የፓምፕ ቤቱ ሰው የእናቶቹን ንባብ ይልካል፣ ቆጣሪ አንባቢዎቹ ደግሞ የልጆቹን በየመንገዱ ደምረው ያመጣሉ። እናት ጋ ገብቶ ልጆች ጋ ያልደረሰውን መሬት ጠጥቶታል ማለት ነው። እትዬ ማስመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ትዘረጋና ማስመሪያዋን በግራው ወረቀት ካለው የመንገድ ስም ሥር ታጋድማለች፤ በሌላ እጇ ጣት ያንኑ ስም ከቀኙ ወረቀት ፈልጋ ታገኛለች። ትቀንሳለች፣ ትጽፋለች፣ ማስመሪያዋን ዝቅ ታደርጋለች። ድሮ እናት ቆጣሪ ለየሰፈሩ አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነበር። ለየመንገዱ ከተተከለ ወዲህ ግን ወረቀቱ ተቆልሎባት የዘንድሮውን ገና አልጀመረችውም ነበር።

በልጅነቷ የአውቶቡስ ሰሌዳ ስትደምር መንገድ ላይ የምትቀር ልጅ ነበረች። እናቷ «አንቺን ቁጥር ነው የሚያገባሽ» ይሏት ነበር። ያገባት ግን ልብስ ሰፊ ነው። «እሱ በሜትር፣ እኔ በሜትር ኪዩብ፤ ቤታችን ውስጥ ሳይለካ የቀረ ነገር የለም» እያለች ታስቅ ነበር። ሰውየው ካረፈ ወዲህ ዳገቱ ሰፈር ባለችው ቤት ከወንድ ልጇና ከምራቷ ጋር ትኖራለች።

አማትና ምራት ተጣልተው አያውቁም። ችግሩም እሱ ነው፤ ለመጣላት እንኳ መቀራረብ ያስፈልጋል። በእነሱ መሀል ያለው «እርስዎ ይቅደሙ» እና «ኧረ አንቺ ተቀመጪ» ብቻ ነበር። ምራቲቱ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርት ናት፤ ቁጥር የሚሰላበትን የኮምፒውተር ቋንቋ ታስተምራለች። ምን እንደሆነ እትዬ ማስመሪያ ጠይቃት አታውቅም። ለሷ ኮምፒውተር የደብዳቤ መጻፊያ ነው።

ዳገቱ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ከርሟል። ጎረቤቷ የሰው ልብስ አጥበው የሚያድሩ አሮጊት ናቸው፤ በየማለዳው በራፋቸው ላይ ቆመው፣ እሷ ወደ ሥራ ስትወርድ «ዛሬስ?» ይሏታል። «ዛሬም የለም፣ እማማ» ትላለች አንገቷን ደፍታ። ጥያቄው ከመደጋገሙ የተነሣ ሰፈሩ ሴትዮዋን «እማማ ዛሬስ» ብሎ ሰይሟቸዋል። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ማስመሪያ የታጠበ ሳህን ይዛ በምራቷ ጀርባ ስታልፍ፣ ስክሪኑ ላይ ሠንጠረዥ አየች። ሠንጠረዥ አይታ ማለፍ ደግሞ አትችልም፤ ሌላው ሰው የሠርግ መኪና ሲያልፍ ቆሞ እንደሚያየው ነው። ቆመች። ምራቷ አንዲት አጭር መስመር ጻፈች፣ አንድ ቁልፍ ነካች፣ ከሠንጠረዡ ጫፍ አዲስ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ብቅ አለ።

«ምን አደረግሽው?» አለች እትዬ ማስመሪያ።

«ዓምዱን በሺህ አባዛሁት።»

«የትኛውን ረድፍ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም እንዴት ሆኖ? አንድ በአንድ ነው እንጂ።»

«አይደለም እማማ። እኔ ለዓምዱ ነው የምነግረው፤ እሱ ለየረድፉ ራሱ ያደርሰዋል። ሁለት ዓምድም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ይሄኛው ሲቀነስ ያኛው ካልኩት፣ የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያለ እስከ ታች ይወርዳል።»

እትዬ ማስመሪያ ሳህኑን ምራቷ ያረመችው የተማሪ ፈተና ላይ አስቀመጠችው። «እስቲ ድገሚው» አለች። ተደገመላት። «እስቲ አሁን ደምሪው።» ተደመረላት። «እስቲ ተነሺና እኔ ልሞክረው።» ምራቷ ተነሥታ ወንበሩን ሰጠቻት፤ እዚያ ቤት «እርስዎ ይቅደሙ» ሳይባል ወንበር ሲለቀቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። እትዬ ማስመሪያ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፣ ቁልፏን ነካች፣ ዓምዱ ሞላ። የእሷ የአንድ ሳምንት ሥራ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ አለቀ። ከደስታዋ ብዛት ምራቷን ሳመቻት፣ ከዚያ ሁለቱም አፈሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ማታ ከራት በፊት ሁለቱ ሴቶች ስክሪኑ ፊት ተደርድረው ስለ ዓምድ ይከራከራሉ። ልጅየው «እንግዲህ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ለእኔ የሚያዝንልኝ ማን ነው?» ይላል። የሚሰማው የለም።

እትዬ ማስመሪያ የፓምፕ ቤቱንና የቆጣሪ አንባቢዎቹን ፋይል አመጣች። የቤት ቆጣሪዎቹ በሜትር ኪዩብ፣ አዲሶቹ እናት ቆጣሪዎች በሊትር ነው የሚያነቡት፤ ስለዚህ የቤቶቹን ዓምድ በሺህ አባዛችው፣ ያውም ማንም ሳይረዳት። ቀጥላ አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ሠንጠረዥ ቀንስልኝ ብላ ስታዘው ግን ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ ጮኸባት።

«ምን ሆነ ይሄ?»

«የመንገዶቹንም ስም አብረው ሰጥተውት ነው» አለች ምራቷ እየሳቀች። «ስም ከስም አይቀነስም፣ እማማ። የቁጥሩን ዓምድ ብቻ ያውጡለት።»

እሷም ስሞቹን ከሁለቱም ሠንጠረዥ አስወጣቻቸውና ቁጥሩን ብቻ ቀነሰች። ውጤቱ ሲወጣ የፓምፕ ቤቱን የመንገድ ስሞች መልሳ ከጎኑ ለጠፈችበት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከሠንጠረዥ ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ ይነሣል። ያን ጊዜ ሁለቱም አላሰቡትም።

በዚያው ሰሞን ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ ክፉ ወሬ አወራ። ኃላፊው መጥፎ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ የጎደለው ሰው ነው። «አስፋልቱ ከታች ጀምሮ እየወጣ ነው» አለ። «አንዴ ከተነጠፈ መንገድ መቆፈር የለም። የዳገቱ መስመር የት ላይ እንደሚያፈስ እስከዚያ ካላወቅን መስመሩን ዘግተን ለሰፈሩ በቦቴ እናድላለን። ምርጫ የለኝም።»

እትዬ ማስመሪያ ደነገጠች። የውሃ ቦቴ ያንን ዳገት አጋምሶ ሞተሩ ሲጠፋ በዓይኗ አይታለች። ቢወጣስ፣ በቦቴ ውሃ የሰው ልብስ አይታጠብም። እማማ ዛሬስ እንደሆኑ «መስመሩ ከተዘጋ ልጄ ጋ እሄዳለሁ፣ እዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሞቴን እጠብቃለሁ» ብለው ነግረዋታል። እጇን አወጣች።

«የሚያፈስበትን እኔ አገኘዋለሁ» አለች።

ሰዉ ዞሮ አያት። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው የቆፋሪዎቹ አለቃ ፈገግ አለ። እሱን ጋሽ ጆሮ ነው የሚሉት። ረጅም የብረት ዘንግ አለው፤ አንዱን ጫፍ ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይተክልና ከመሬት በታች ውሃ ሲያፈተልክ ይሰማል። ስለ ራሱ የሚወራውን ግን አይሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «አንቺ፣ በማስመሪያ ልትቆፍሪ ነው?» አላት።

«አንተ ዘንግህን አዘጋጅ» አለችው።

በማግስቱ ውጤቱን ይዛ ኃላፊው ክፍል ገባች። ከሁሉም መንገዶች ትልቁ ልዩነት ዳቦ ቤቱ መንገድ ላይ ነበር፣ በብዙ እጥፍ። ያ መንገድ ደግሞ ወደ ዳገቱ የሚወጣው ቧንቧ የሚያልፍበት ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ማታውን ምራቷ አንድ ነገር ጠይቃት ነበር። «እነዚህ ከዜሮ በታች የሆኑትስ ምንድን ናቸው? ከገባው በላይ ውሃ የተጠቀሙ መንገዶች አሉ።» እትዬ ማስመሪያ ግን በደስታ ሰክራለች። «እነሱ የአሮጌ ቆጣሪ እብደት ናቸው፤ እኔ ነኝ የማውቃቸው» አለቻት። ለማረጋገጫም የልዩነቱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ደመረችው፤ የእናቶቹ ድምር ሲቀነስ የልጆቹ ድምር፣ ልክክ ብሎ ያው መጣ። ድምሩ ልክ ከሆነ ምን ቀረ? ዕድሜዋን ሙሉ ድምር ዋሽቷት አያውቅም።

ጋሽ ጆሮ ዳቦ ቤቱ መንገድ ላይ ዘንጉን ከላይ ወደ ታች እያዛወረ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ።

«ምንም አይሰማኝም።»

«ስላረጀህ ነው። ቆፍር።»

ተቆፈረ። ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ «ዳቦዬ ላይ አፈር አበናችሁበት» እያለ ይጮሃል፣ ለመግዛት የተሰለፈው ሰው ሰልፉን ትቶ ጉድጓዱን ከቧል፣ እትዬ ማስመሪያ ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ቧንቧው ተገለጠ። ደረቅ ነው። ግራና ቀኙን ቢያሰፉትም አፈሩ ፍርፍር ይላል እንጂ እርጥበት የሚባል አልነካውም። ጋሽ ጆሮ ቢቀልድባት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን አካፋውን ጠረገ። ኃላፊው በስልክ «ድፈኑት» አለ። «ሌላ ጉድጓድ አልፈቅድም።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ አፍሳ የምትለቅመውም አጣች። ከሥራ ስትመለስ ዳገቱን የወጣችው እግሯን እየጎተተች ነው። እማማ ዛሬስ በራፋቸው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎቻቸውን አንዱን ባንዱ ውስጥ እየደራረቡ በገመድ ያስሩ ነበር። በዚያ ሰዓት ጠይቀዋት አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ቀና ብለው «ዛሬስ?» አሏት። እትዬ ማስመሪያ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ገባች። አልቅሳ ከሆነ ማንም አላየም።

እትዬ ማስመሪያ የጻፈችውን ትእዛዝ ምራቷ መስመር በመስመር አየችላት። «ትእዛዙ ንጹሕ ነው» አለች። «አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳቱም፣ እማማ።»

«እንግዲያው መሬቱ ነዋ የተሳሳተው» አለች እትዬ ማስመሪያ። ሁለቱን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አወጣች። ስክሪኑን ማየት አስጠልቷታል። አመሻሽ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ገና አልጠፋም። ወረቀቶቹን እንደ ድሮው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች፣ ተንበረከከች፣ ማስመሪያዋን ግራው ወረቀት ላይ «ዳቦ ቤት» ከሚለው ስም ሥር አጋደመች። ማስመሪያዋ ረጅም ስለሆነች የቀኙም ወረቀት ላይ ታልፋለች። ጣቷ ግን ማስመሪያውን ተከትላ አልሄደችም። በራሷ ጊዜ ወደ ታች ወርዳ፣ ወረቀቱ ግርጌ አካባቢ ደርሳ ቆመች። «ዳቦ ቤት» ያለው እዚያ ነበር።

እትዬ ማስመሪያ ጣቷን የሰው ጣት ይመስል አየቻት። ከዚያ ማስመሪያውን አንሥታ ከግራው «ዳቦ ቤት» እስከ ቀኙ «ዳቦ ቤት» ድረስ አገናኘችው። ማስመሪያው ተንጋደደ።

«ነይ» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ቶሎ ነይ።»

ምራቷ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ሮጣ መጣች።

«ይሄን እይ። የፓምፕ ቤቱ ሰው መንገዶቹን የሚጽፈው ውሃው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው፤ ከማጠራቀሚያው ጀምሮ። ቆጣሪ አንባቢዎቹ የሚጽፉት ደግሞ በእግራቸው በሚሄዱበት ነው፤ ከገበያው ጀምረው። እኔ ዘመኔን ሙሉ ጣቴ ስሙን እየፈለገች ስታገኝልኝ፣ ቅደም ተከተላቸው ይለያያል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።»

ምራቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ማሽኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው…»

«ስሙን አስወጥተንበት። በምን ይወቅ? የአንዱን መንገድ ልጆች ከሌላው መንገድ እናት ላይ ስንቀንስ ከረምን።» ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። «ድምሩስ? ድምሩ ለምን ልክ መጣ?»

«ድምር ማን ከማን እንደተቀነሰ አይጠይቅም» አለች ምራቷ። «ብናቀላቅለውም መጨረሻው ያው ነው። ከዜሮ በታች የሆኑት ነበሩ የሚጮሁት።»

«አንቺማ ነግረሽኛል» አለች እትዬ ማስመሪያ። «እኔ ነኝ አፍሽን ያስያዝኩሽ።» ይህን ማለት እንዲህ ይቀላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተሽቀዳደሙ። ምራቷ ቆማ፣ እሷ ተቀምጣ። «አሁን ስሞቹን አንጣላቸውም» አለች ምራቷ። «በሁለቱም ሠንጠረዥ የየረድፉ መጠሪያ እናድርጋቸው። ያኔ ማሽኑ ራሱ ስምን ከስም እየፈለገ ይቀንሳል።»

«እንደ ጣቴ?»

«እንደ ጣትሽ።»

«ጣትሽ» ማለቷን ምራቷ ልብ አላለችውም፤ እትዬ ማስመሪያ ግን ሰምታለች፣ ደስም ብሏታል። ጻፈች። ቁልፏን ነካችው። ዓምዱ ሞላ። ከዜሮ በታች የነበሩት ሁሉ አንድም ሳይቀሩ ጠፍተዋል። ዳቦ ቤቱ መንገድ ምንም የሌለበት ምስኪን መንገድ ሆኗል። ከዓምዱ መሀል ግን አንድ ቁጥር ብቻውን ገዝፎ ተቀምጧል፤ ወፍጮ ቤቱ መንገድ። የዳገቱ ቧንቧ በእሱም በኩል ያልፋል።

ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲዘሉ ልጅየው ከሥራ ገባ። «ምን ተገኘ?» አለ። «መንገድ» አሉት ባንድ አፍ።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ማስመሪያ ዓይኗን በጨው አጥባ ኃላፊው ፊት ቀረበች። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማስመሪያው እንዴት እንደሚንጋደድ አሳየችው።

«ትናንትም እርግጠኛ ነበሩ» አላት።

«ትናንት እርግጠኛ ብቻ ነበርኩ» አለች። «ዛሬ የት እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ።»

ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የአስፋልት ማሽኑ ጭስ ከታች ይታያል። «ከቀትር በፊት ወፍጮ ቤቱ ጋ ይደርሳሉ» አለ። «ጋሽ ጆሮ ሰማሁ ካለ ቆፍሩ። ካልሰማ አንድ ዶማ አትነሣም።»

ጋሽ ጆሮ ወሬውን ሲሰማ ሳቀ። «እዚያ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አዳምጫለሁ መሰለሽ። ወፍጮው ሲጮህ ይውላል፣ የገዛ ሳሌን እንኳ አልሰማም።»

«ታዲያ እናስቆመዋ።»

«ወፍጮ ማን ያስቆማል?»

«እኔ።»

አስቆመችው። ባለወፍጮው እህል ይዘው የተሰለፉትን ሰዎች እያሳየ «እነዚህን ምን ልበላቸው?» ሲላት፣ እሷ ወደ ሰዎቹ ዞራ «ከእናንተ መሀል ዳገቱ ሰፈር የሚኖር አለ?» አለች። ግማሾቹ እጃቸውን አወጡ። «ትንሽ ዝም ብትሉልኝ ውሃችሁን ላገኘው ነው።» ወፍጮው ቆመ። ድምፁ ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ጆሮው የተከፈተ መሰለ። ከታች የአስፋልት ማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል፣ እየቀረበም ነው።

ጋሽ ጆሮ ኮፍያውን አወለቀ። ዘንጉን ተከለ፣ አዳመጠ፣ ነቀለ። ጥቂት እልፍ ብሎ ተከለ። እንደገና እልፍ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሳይከፍተው እጁን ዘረጋና እሷን በምልክት ጠራት። ዘንጉን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። በመጀመሪያ የገዛ ደሟን ብቻ ሰማች። ቆይቶ ከሥር፣ ከሩቅ፣ ሳያቋርጥ ሽሽሽሽ የሚል ነገር መጣ።

«ይሄ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ይሄ ነው» አላት። «እኔ አላገኘሁትም፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ። ልጆች፣ ዶማ።»

እንዴት እንደተቆፈረ ይህ ብዕር አይነግራችሁም፤ የአስፋልቱ ማሽን ከመንገዱ ማጠፊያ ብቅ ሲል የእህል ተራ የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ አካፋ ይሻሙ ነበር። ኃላፊው ራሱ መጥቶ እጁን ዘርግቶ ማሽኑ ፊት ቆመ። የማሽኑ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋበት፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። አፈሩ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ጋሽ ጆሮ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መሳቅ ጀመረ። ቧንቧው በጎኑ ተሰንጥቋል። የሚወጣው ውሃ በሙሉ ቁልቁል ወደ ተረሳ የጎርፍ ቦይ ይገባል፤ ለዚህ ነው ከላይ አንድም ቀን ረጥቦ ያልታየው።

«ስንጥቁ ስንት ነው?» አለ ኃላፊው ከላይ ሆኖ። «የቧንቧ ማሰሪያ ቀለበቱን በልኩ እንድናስመጣ።»

ጋሽ ጆሮ እጁን ወደ እትዬ ማስመሪያ ዘረጋ። እሷም ሥራ ከገባች ጀምሮ ለመለኪያ ተጠቅማባት የማታውቀውን ማስመሪያ አቀበለችው። ስንጥቁ ላይ አስጠጋትና ግራ ገብቶት ቀና አለ። «ቁጥሩ ጠፍቷል እኮ!»

«ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ በጣትህ ይዘህ አሳየኝ፣ ቁጥሩን እኔ አውቀዋለሁ» አለች፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ።

ቧንቧው ታሰረ፣ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ አስፋልቱ በላዩ አለፈ። ያን ዕለት እትዬ ማስመሪያ ቤቷ ገብታ ቧንቧዋን ከፍታ ጠበቀች። ቧንቧው አንዴ አሳለው፣ አየር ተፋ፣ ዝም አለ። ምራቷ «ዳገት ነው፣ መስመሩ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል» አለቻት። ሳይዘጉት ተኙ።

በማግስቱ ማለዳ ቧንቧዋ ገና አየር ብቻ እየተፋ ነበር፤ ወደ ሥራ ስትወርድ ከእሷ ዝቅ ብሎ ባለው የእማማ ዛሬስ በራፍ ላይ ማንም አልቆመም። ከትናንት ወዲያ በገመድ የታሰሩት ሳፋዎችም የሉም። እትዬ ማስመሪያ ልቧ ስንጥቅ አለ። ሄደዋል፣ አንድ ቀን መታገሥ አቅቷቸው ሄደዋል ብላ አሰበች። ወደ አጥሩ ቀረበችና፣ ስንት ማለዳ የተጠየቀችውን ጥያቄ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች።

«እማማ» አለች። «ዛሬስ?»

ከጓሮ በኩል የሳፋ ኳኳታ ተሰማ።

«ቆይ እስቲ፣ አታስቸኩዪኝ» አሉ ሴትዮዋ። «እጄ ውሃ ውስጥ ነው።»